የኬሚስትሪ ማስተርስ፦ አናሊቲካል ወይስ ኦርጋኒክ? በብርና በጊዜ ስንመዝነው

ነሐሴ በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደራረባል። «የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ኬሚስትሪ ማስተርስ ልገባ ነው። የቱን ስትሪም ልያዝ?» አንዱ ደሴ ሃይስኩል ያስተምራል። ሌላዋ ቢራ ፋብሪካ ላብ ውስጥ ትሠራለች። ሌላው ገና መመረቁ ነው። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ አናሊቲካል። ምክንያቱን ግን በስልክ ተናግሬ ስለማልጨርሰው እዚህ ልጻፈው።

ስትሪሞቹ (የማስተርሱ ዘርፎች) ምን ምን እንደሆኑ አልዘረዝርም፤ ዲግሪውን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ለሌላው በአጭሩ፦ አናሊቲካል በሳምፕል ውስጥ ምን ስንት እንዳለ ይለካል፤ ኦርጋኒክ የካርቦን ውሕዶችን ይለያል፣ ይሠራል። የምጽፈው ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የማይገኘውን ነው። ቴሲሱ ስንት ብር ይበላል? የትኛው ማሽን ሲበላሽ ወራት ያስጠብቃል? ገበያ ላይ ያለው ኬሚካል የማንን ሥራ ያበላሻል? ከተመረቃችሁ በኋላስ ማን ይቀጥራችኋል?

ከብሩ እንጀምር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ላብ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል በዶላር ነው የሚመጣው። ለኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ውሕዶችን ለይቶ ለሚለካው ማሽን) የሚሆን ደህና ሲ18 ኮለም (መለያ ቱቦ) ከ400 እስከ 800 ዶላር ያወጣል። 500 ነው እንበል። በ57 ብር 28,500 ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ካሰላችሁት 75,000 ይመጣል። ይህ የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፤ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የአስመጪው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ለቴሲስ የሚሰጠው ድጋፍ ግን ከዶላሩ እኩል አልሮጠም። ልዩነቱን የሚሞላው የተማሪው ኪስ ነው። ስለዚህ ስትሪም ስትመርጡ አስቀድማችሁ «ይህ ሥራ በየሳምንቱ ምን ያስገዛኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ኦርጋኒክ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ፍቅር ነው፤ አይገርመኝም። አገሩ በመድኃኒት ዕፅዋት የተሞላ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የጀመሩት ምርምር በዓለም የታወቀ ሥራ ሆኗል። ብሳናው፣ መቅመቆው፣ ኮሶው፣ እሬቱ ሁሉ ቴሲስ ይወጣዋል። ቅጠሉም በነፃ ይገኛል። ወጪው የሚጀምረው ቅጠሉ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ነው።

አንድ ኪሎ ዱቄት ለመዘፍዘፍ ሄክሴን፣ ኤቲል አሲቴትና ሜታኖል የተባሉ ሶልቨንቶች (ማሟሚያ ፈሳሾች) በሊትር ይገባሉ። ቀጥሎ ውሕዶቹን ለመለየት ኮለም (የመስታወት ቱቦ) ይሞላል፤ ሲሊካ ጄሉ በኪሎ፣ ሶልቨንቱ እንደገና በሊትር። የውሕዶቹ መለያየት በሚታይበት የቲኤልሲ ሰሌዳ ላይ ሁለት ነጠብጣቦች ተጣብቀው አልለያይ ካሉ ኮለሙ ከነወጪው ይደገማል። ሮታሪ ኢቫፖሬተሩ ደህና ከሆነ ሶልቨንቱን ሰብስቦ መልሶ መጠቀም ይቻላል። የቫኩም ፓምፑ ከተበላሸ ግን የሚተነው የእናንተው ብር ነው። በመጨረሻ ጥቂት ሚሊግራም ንጹሕ ነገር በእጃችሁ ትገባለች። ምን እንደሆነች የሚነግራችሁ ኤንኤምአር ነው፤ የሞለኪዩልን መዋቅር በማግኔት የሚያሳይ ማሽን። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ባለ 400 ሜጋኸርዝ ማሽን ለዓመታት ከየክልሉ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን ሳምፕል ሲያስተናግድ የኖረ ነው። ማግኔቱ ያለ ፈሳሽ ሂሊየም አይሠራም፤ ሂሊየሙም በዶላር ነው የሚመጣው። ወረፋው ሲረዝም የኦርጋኒክ ተማሪ ተቀምጦ ከመጠበቅ ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም።

ከወረፋው ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሶልቨንቱ ጥራት ነው። የላብ ጓደኛዬ ከአንድ ቅጠል ንጹሕ ውሕድ ለየች። የኤንኤምአር ስፔክትረሙ (የማሽኑ ግራፍ) ያምር ነበር፦ 7.7 እና 7.5 ላይ የቤንዚን (ባለ ስድስት ካርቦን) ቀለበት፣ 4.2 አካባቢ ከኦክሲጅን ጎን ያለ ካርቦን፣ 0.9 ላይ ሜታይሎች። መዋቅሩ ሲሠራ ዳይኤቲልሄክሲል ፍታሌት ሆኖ ተገኘ። ፍታሌት ፕላስቲክ ማለስለሻ ነው። ቅጠሉ ውስጥ አልነበረም። የመጣው ከሄክሴኑ ነው። ሻጩ ሄክሴኑን በጄሪካን አስቀምጦ ኖሮ ወደ ጠርሙስ ገልብጦ የታወቀ ድርጅት ስያሜ ለጥፎበታል። ከዚያው ጠርሙስ አንድ ሊትር ስናተን ከታች ቢጫ ዘይት ቀረ፤ ዘይቱ ያንኑ ስፔክትረም ሰጠን። የአንድ ሴሚስተር ሥራዋን ውሃ በላው። ማንም አልካሳትም። ሻጩም «እኛም እንዲሁ ነው የገዛነው» ብሎ ተገላገለ።

ኦርጋኒክ ለመረጠ ሰው ምክሬ ይኸው ነው። ሶልቨንት በፕላስቲክ ዕቃ አትግዙ። የጠርሙሱን ክዳን ማኅተም ፈትሹ። የባች ቁጥሩ ከምርመራ ሰርተፊኬቱ ጋር ይመሳሰላል ወይ? ይህ ሁሉ ደህና ቢሆንም እንኳ ከመጀመራችሁ በፊት መቶ ሚሊ ሊትር በንጹሕ ብርጭቆ አትንኑና ታችውን እዩ። ጂሲ-ኤምኤስ (ውሕዶችን ለይቶ በስባሪዎቻቸው ክብደት የሚያሳውቅ ማሽን) የምታገኙ ከሆነ 149 ክብደት ላይ ትልቅ ፒክ ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ፤ ያ የፍታሌት ምልክት ነው።

አናሊቲካል ላይስ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ የለም? ሞልቷል። ልዩነቱ ብላንክ የሥራችን አካል መሆኑ ነው። አናሊቲካል ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳምፕል የሌለበትን ባዶ መፍትሔ እየለካ ስለሚውል ቆሻሻ ኬሚካል በሳምንቱ ይጋለጣል። ኦርጋኒክ ላይ የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ብሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ደግሞ አናሊቲካል ስል ሁሉም አንድ ዋጋ አይደለም። ርካሹ ቮልታሜትሪ ነው፤ ኤሌክትሮድ ላይ ቮልቴጅ ሰጥቶ የሚፈሰውን ከረንት መለካት። ቮልቴጁን የሚሰጠው ማሽን፣ ፖቴንሽዮስታቱ፣ የዲፓርትመንቱ ነው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድ፣ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ፣ ፕላቲነም ሽቦ፣ በፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ መፍትሔ) የሚሠራባቸው ጥቂት ጨዎችና ለመወልወያ የሚሆን አሉሚና ዱቄት ነው። በአንድ ልኬት የሚወጣው መፍትሔ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሊትር ሶልቨንት ጋር አስተያዩት። ደህና ግላሲ ካርቦን 200 ዶላር አካባቢ ነው፤ በ150 ብር 30,000 ማለት ነው። ያስደነግጣል፤ ግን አንዴ ተገዝቶ ከተያዘ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪም ይሠራበታል። የኦርጋኒክ ተማሪ በዚያው ብር የገዛው ሶልቨንት ተንኖ ያልቃል።

በ30 እና በ40 ዶላር የሚሸጡ ኤሌክትሮዶች አሉ። አትቸኩሉ። ችግራቸው ካርቦኑና መያዣው ፕላስቲክ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ክፍተት ካለ መፍትሔው ሾልኮ ይገባና ምንም ሳይጨመር ከፍተኛ ከረንት ያሳያችኋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ኤሌክትሮዱን በአሉሚና ወልውሉት፣ እጠቡት፣ ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ውስጥ ከትታችሁ ሳይክሊክ ቮልታሞግራም (ቮልቴጁ ሄዶ ሲመለስ የሚታየውን የከረንት ግራፍ) ውሰዱ። በሁለቱ ፒኮች መካከል ያለው ርቀት በቲዮሪ 59 ሚሊቮልት ነው። 70 ወይም 80 ካገኛችሁ ይበቃል። ደጋግማችሁ ወልውላችሁም 200 ካለ ዕቃውን መልሱ፤ ክርክር አያስፈልግም።

የኳርትዝ ኩቬት (መፍትሔ ተሞልቶ ብርሃን የሚያልፍበት ትንሽ ዕቃ) ነገርም እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ «ኳርትዝ» ተብሎ በኳርትዝ ዋጋ የተሸጠልኝ ተራ መስታወት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዓይን አይለይም። ውሃ ሞልታችሁ ዩቪ-ቪዝ (የሚያልፈውን ብርሃን የሚለካ ማሽን) ውስጥ 250 ናኖሜትር ላይ እዩት። ኳርትዝ ብርሃኑን ያሳልፋል፤ መስታወት ከ320 በታች መጋረድ ይጀምራል። ሱቁ በር ላይ መፈተሽ ስለማይቻል ከመክፈላችሁ በፊት የመመለሻ ቃሉን በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ብረታ ብረት በአቶሚክ አብሶርፕሽን (ነበልባል ውስጥ ብረቱ የሚውጠውን የላምፕ ብርሃን በሚለካ ማሽን) መለካት መካከለኛው ነው። በጤፍ፣ በቡና፣ በማር፣ በወተት ውስጥ ስንት ብረት፣ ዚንክ፣ እርሳስ አለ የሚሉት ቴሲሶች አብዛኞቹ በዚሁ ማሽን የተሠሩ ናቸው። እዚህ ወጪው ላምፑ ነው፤ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ላምፕ አለው፣ አንዱም በመቶዎች ዶላር ነው። አምስት ብረት እለካለሁ ከማለታችሁ በፊት የትኞቹ ላምፖች እንደሚበሩ ጠይቁ። ጋዙ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ አንጋፋ የላብ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሲሊንደሩን እስከ ታች ልንጨርሰው ስንል «ልጆቼ፣ ለጋዝ ቆጥባችሁ ማሽን ልትገዙ ነው?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። አሲቲሊን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው አሲቶን ውስጥ ሟሙቶ ነው። ግፊቱ ከ6 ባር አካባቢ ሲወርድ አሲቶኑ አብሮ ይመጣል። ነበልባሉ ቀለሙን ይቀይራል፣ ንባቡ ይዋልላል፣ ቱቦዎቹም ይጎዳሉ። ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ያ ማሽን ስንቴ በቆመ!

ኤችፒኤልሲ ውዱ ነው፤ ግን ሥራ የሚያስገኘውም እሱ ነው። እንግዲህ የእኔ ስሌት ይህ ነው፦ ቴሲሱን በርካሹ ዘዴ ሥሩ፣ ኤችፒኤልሲን ደግሞ ሌላው ሲሠራበት አጠገቡ ቆማችሁ ተማሩ። ኮለሙ የሌላ፣ ልምዱ የእናንተ።

ስለ ሥራ ካነሳን አይቀር፣ ፋርማሲ ገብታችሁ የአገር ውስጥ መድኃኒት ማሸጊያ አንብቡ። ፋብሪካዎቻችን በአብዛኛው ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስገብተው ነው ክኒን የሚሠሩት። ሞለኪዩሉን የሚሠራ ኦርጋኒክ ኬሚስት ብዙም አይፈልጉም። የገባው ዱቄት ትክክለኛ መሆኑን፣ ክኒኑ የተጻፈበትን መጠን መያዙን የሚመረምር ሰው ግን ያለሱ አይንቀሳቀሱም። ቢራው፣ ዘይቱ፣ ሲሚንቶው፣ ውሃና ፍሳሹ፣ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅቱ ሁሉ ላብ አላቸው። አይኤስኦ 17025 (የላብ ብቃት ደረጃ) እውቅና ያለው ወይም ሊያገኝ የሚሻ ላብ የመለኪያ ዘዴን ማረጋገጥ የሚችል፣ ልኬቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሰላ ሰው ይፈልጋል። ይህን በዝርዝር የሚያስተምረው አናሊቲካል ስትሪም ነው።

ኤክስፖርቱንም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ስትል ትልቅ ገበያ ተናግቷል። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ክሎርፒሪፎስ የተባለውን ፀረ ተባይ ከልክሎ የሚፈቀደውን ቅሪት በኪሎ 0.01 ሚሊግራም አድርጎታል። በርበሬ ላይ ያለ አፍላቶክሲን ቢ1 (የሻጋታ መርዝ) ደግሞ በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከሆነ እዚያ ገበያ አይገባም። ይህን የሚለካ ሰው እዚሁ ከሌለ ሳምፕሉ ውጭ ይላካል፤ በዶላር።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኢንኦርጋኒክ መካከል ላይ ነው፦ ኬሚካሉ እንደ ኦርጋኒክ ብዙ አይፈልግም፣ ግን የክሪስታሉን መዋቅር ለማየት ሳምፕሉ ብዙ ጊዜ አገር ያቋርጣል። አድቫይዘሩ ውጭ አገር የሚተባበረው ላብ ካለው ግቡ፣ ከሌለው ይቅርባችሁ። ፊዚካል ላይ ኮምፒውቴሽናል (በኮምፒዩተር ስሌት) የሚሠራ አድቫይዘር ካገኛችሁ ከሁሉ የረከሰው እሱ ነው። ኦርካ የተባለው ሶፍትዌር ለትምህርት በነፃ ነው፤ ጋውሲያን ግን ፈቃዱ ይከፈልበታል፣ የተሰረቀ ቅጂ ይዛችሁ ጆርናል ላይ ለማሳተም አትሞክሩ። ለዚህ ሥራ ሒሳብ የማይሰለቸው ሰውና መብራት ሲጠፋ የማይቋረጥ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ኢንቫይሮመንታል በእኔ እይታ አናሊቲካል ነው፤ የትራንስፖርት ወጪ ተጨምሮበት። ስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ለመለካት የሚያስፈልገው ፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ያንን የሚያልፍ ጉድጓድ እዚያ ብዙ ነው። ጥሩ ርዕስ ነው፤ ግን የመኪናውን ኪራይ ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ እወቁ።

ኦርጋኒክን የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው፣ ፒኤችዲውን ውጭ ሊቀጥል የወሰነና እጁ ለሲንቴሲስ (ውሕድ ለመሥራት) የተፈጠረ። ሁለተኛው፣ የምርምር ፈንድ በእጁ ያለው አድቫይዘር ስሙን ጠርቶ «ና» ያለው። ከእነዚህ ውጭ ያለ፣ በተለይ ደመወዙን ቆጥቦ በግሉ የሚከፍልና በሁለት ዓመት ጨርሶ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ፣ አናሊቲካል ይያዝ።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ሠውታችሁ ላቡ ድረስ ሂዱ። ለኃላፊው ሳይሆን ለቴክኒሻኑ ሰላምታ ስጡና ጠይቁት፦ የማሽኑ ወኪል አገር ውስጥ አለ ወይ? ባለፈው ሲበላሽ ማን ጠገነው? ስንት ወር ፈጀ? ከዚያ ከማሽኑ አጠገብ ያለውን የመመዝገቢያ ደብተር ገልጣችሁ የመጨረሻውን ፊርማ ቀን እዩ። ዓመት ካለፈው፣ በዚያ ማሽን ቴሲስ የሚሰጣችሁን አድቫይዘር አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።