ማንግሮቭ መትከል ወይስ ለውኃው መንገድ መክፈት?

ማንግሮቭ ጨዋማ ውኃ በሚደርስበት የባሕር ዳር ረግረግ የሚበቅል ዛፍ ነው። እንዲህ ያለው ረግረግ ሲጎዳ እንዲያገግም የማንግሮቭ ችግኝ ይተከላል፤ አለዚያም የባሕሩ ሙላት ገብቶ የሚወጣበት መንገድ ይከፈታል።

ተከላው ሕዝብ ያስተባብራል፣ ቶሎም ይታያል። ፊሊፒንስ ግን ለአሥርት ዓመታት ብዙ ገንዘብ አፍስሳበት በሕይወት የቀረው በጥቅሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነበር። ለመትከል የሚቀለው ራይዞፎራ የተባለው ዝርያ የተተከለው ውኃ ለረጅም ሰዓት በሚተኛበት ጭቃ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። ያሳዝናል፤ የሰው ድካም ነው የባከነው።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግን ዌስት ሌክ በተባለ ቦታ ረግረጉ ላይ የተከመረው አፈር ተነሥቶ መሬቱ ዝቅ ተደረገ፣ ቦዮችም ተከፈቱ። ማንግሮቭ የተከለ የለም፤ ውኃው ይዞት የመጣው ዘር ራሱ በቀለ።

ቁፋሮው ውድ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ በቅድሚያ እዚህ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። ችግኝ የሚያስፈልገው ውኃው ተስተካክሎም በአካባቢው ዘር የሚጥል ዛፍ ከሌለ ነው።