ያገለገለ ጎልድ ዊንግ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የተለጠፈውን ዋጋ አትመኑ

አሜሪካ ያላችሁ የሞተር ሳይክል ወዳጆች፣ ብርዱ ለቀቅ ሲል ገበያው ይሞቃልና ሳትፈርሙ ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛዬ የ2006 ሞዴል ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። የዲለሩ ስም ይቅር። ማስታወቂያው 8,500 ዶላር ይላል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ 10,400 ሆኗል። ታክሱ ገና ነው።

ዝርዝሩን ጠየቅን። ማጓጓዣ 650፣ መገጣጠሚያ 750፣ የወረቀት ሥራ 500። የ2006 ሞተር መገጣጠሚያ! አዲስ ሞተር ከፋብሪካ በሳጥን ይመጣል፣ ይገጣጠማል፤ እሺ። ይሄኛውን ግን የቀድሞ ባለቤቱ ራሱ እየነዳ ነው ያመጣው። ምኑ ተገጣጠመ? ሻጩም መልስ አልነበረውም፤ «ሁሉም ዲለር ያስከፍላል» ብሎ አለፈው።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ እንዲህ በሉ፦ ታክሱ፣ ታርጋው፣ ምናምኑ ሁሉ ገብቶ ይዤው ስወጣ ስንት ነው? በጽሁፍ ካልሰጧችሁ ላሽ በሉ።

ሻጩ ጎማውን በጫማው መታ መታ እያደረገ «ምንም አልተበላም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ጥርሱ አለ። ጎንበስ ብዬ ጎኑን ሳየው ግን ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሁፍ ቀጥሎ መጨረሻው ላይ 2314 ይላል። በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ደርቆ ዳር ዳሩን ተሰነጣጥቋል። 400 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር ላይ ከኋላ ሰው ጭናችሁ በዚህ ጎማ ሃይዌይ መውጣት ቀልድ አይደለም። ሁለቱን ማስቀየር ደግሞ ከነእጅ ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዋጋው ላይ መውረድ አለበት።

የሻንሲ ቁጥሩንም እዛው ቆመን በስልክ አየነው። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጉድለት ጥገና የጠራው ነገር፣ ካለበት በነፃ ያሳያችኋል። ከ2001 እስከ 2010 የተሠሩ ብዙ ጎልድ ዊንጎች የኋላ ፍሬናቸው ሳይለቅ እየቀረ፣ እየጋለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ ተጠርተዋል። ከ2006 እስከ 2010 የተሠሩት ኤር ባግ ያላቸው ደግሞ በታካታ ጉዳይ፣ ማለትም ሲፈነዳ ብረት ሊረጭ በሚችለው ኤር ባግ ምክንያት፣ ተጠርተዋል። የኛው የፍሬኑ ጥገና አልተሠራለትም። ጥገናው የሆንዳ ዲለር ጋ በነፃ ነው፤ ግን ይህን ችላ ያለ ባለቤት ዘይቱንስ በጊዜው ለውጦት ይሆን?

ደግሞ «ካልተመቸኝ በሦስት ቀን እመልሰዋለሁ» የምትሉ፣ ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ ዲለር ቤት ሄዳችሁ የገዛችሁትን አይነካም። ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው፣ ዋስትና አለው ወይስ የለውም የሚለው ወረቀት እንኳን ሞተር ሳይክል ላይ ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ትክክለኛው ዋጋ ስንት ነው? ያገለገለ ተሽከርካሪ ዋጋ የሚገምተው ኬሊ ብሉ ቡክ መነሻ ይሰጣችኋል። ሻጮች ግን የሚያሳዩአችሁ ዲለር የሚሸጥበትን ነው፤ ከሰው የሚረከቡበትን ዝቅ ያለውን ዋጋም ራሳችሁ እዩት። ድርድሩ በሁለቱ መሃል ነው። «ክሮሙ ብቻ ሦስት ሺህ ወጥቶበታል» ቢሏችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። የሌላ ሰው ጌጥ የናንተ ዕዳ አይደለም።

ማይሉ ብዙ ነው ብላችሁም አትደንግጡ። 60 ሺህ ማይል የሄደ፣ የሰርቪስ ደረሰኙ የተሟላ 1800 (ከ2001 ወዲህ ያለው ጎልድ ዊንግ፣ ያየነውም ዓይነት) ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ከቆመ ባለ 9 ሺህ ማይል ይሻለኛል። የቆመ ሞተር ጎማው ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል።

በጀታችሁ አነስ ብሎ ከ1988 እስከ 2000 ወደተሠራው የቀድሞው ጎልድ ዊንግ፣ 1500 ከወረዳችሁ ግን መጀመሪያ ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር አስማምቶ ስለሚያሠራው የታይሚንግ ቺንጋ ጠይቁ። 1800ው በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስላለው ይሄ ጣጣ የለበትም። 1500ው ላይ የታይሚንግ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል፤ ሞተሩ አለቀለት። የተለወጠበት ደረሰኝ ከሌለ አልተለወጠም ብላችሁ ቁጠሩ፣ የመለወጫውን ሒሳብ አስቀንሱ፣ ወደ ቤት የምትወስዱትም እየነዳችሁ ሳይሆን ተጎታች ላይ ጭናችሁ ይሁን።