ጋራዤ የገቡት ቶርኖና ሚሊንግ፦ ከአንድ ዓመት ሥራ በኋላ

ተግባረ ዕድ ስማር የቆምኩበት ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በቢላ የሚቀርጽ ማሽን) ከእኔ ቁመት በላይ ይረዝም ነበር። አሁን ሜሪላንድ፣ ጋራዤ ጥግ ያለችውን ግን እኔና የእህቴ ልጅ ተሸክመን ነው ጠረጴዛ ላይ ያወጣናት። አርባ ኪሎ ገደማ ብትሆን ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ብረት ትቆርጣለች?» አለኝ ልጁ። ትቆርጣለች። ግን የሚሸጧት ሰዎች የማይነግሯችሁ ነገር አለ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የገዛሁት 7 በ 14 የሚባለውን ነው። 7ቱ ማሽኑ ላይ መሽከርከር የሚችለው የብረት ዲያሜትር ነው፣ በኢንች፤ በእኛ 180 ሚሊሜትር ያህል። 14ቱ ርዝመት ነው። ይህ ዓይነት ማሽን የብዙ ሻጮች ስም እየተለጠፈበት ይሸጣል። ቀለሙና ዋጋው ይለያያል፣ አካሉ ግን ተቀራራቢ ነው። አብዛኛውም ቻይና ነው የሚሠራው። የሻጬን ስም የማልጠራው ስለዚህ ነው፤ የማወራው ስለ ዓይነቱ ነው።

1,100 ዶላር ከፈልኩ። በተራ የቤት ሶኬት፣ በ110 ቮልት ትሠራለች። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። እዚህ አገር ያገለገሉ ትልልቅ ቶርኖዎች አንዳንዴ በርካሽ ይገኛሉ። ግን ብዙዎቹ ስሪ ፌዝ (የፋብሪካ ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ይፈልጋሉ፣ የቤት መስመር ደግሞ ሲንግል ፌዝ ነው። የቤቱን መስመር ወደ ስሪ ፌዝ የሚቀይር ኢንቨርተር አስገብቶ ማስኬድ ይቻላል፤ ግን አንድ ቶን ብረት ማን ያወርደዋል? እኔ ተከራይ ነኝ። ነገ ቤት ብቀይር ይዣት መሄድ አለብኝ።

ሳጥኑ ሲከፈት ማሽኗ በቀይ ግሪስ ተለውሳ ነው የምትወጣው። ለዝገት ተብሎ የተቀባ ነው እንጂ ለማለስለሻ አይደለም፤ ሳታጥቡ እንዳታስነሷት። በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ሙሉ ቅዳሜዬን አጠብኩ። ከግሪሱ ውስጥ ደቃቅ የብረት ፍቅፋቂ አገኘሁ። ዝም ብዬ አስነስቻት ቢሆን ኖሮ ያ ፍቅፋቂ ቢላው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ይበላው ነበር።

ከዚያ ካሬጁን (ቢላውን ተሸክሞ ሐዲዱ ላይ የሚሄደውን ክፍል) በእጄ ያዝ አድርጌ ነቅነቅ ሳደርገው ተወዛወዘ። ከጎኑ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ዳዷቸውን እያላላሁ፣ ሩብ ዙር እያጠበቅሁ፣ እጀታውን እያዞርኩ ሞከርኩ። በጣም ከጠበቀ አይሄድም፤ ከላላ ደግሞ ቢላው ይንቀጠቀጥና የተቆረጠው ብረት ላይ ሞገድ ይተዋል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቻኩን (ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረውን መያዣ) በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ስለካው 0.08 ሚሊሜትር ይዋልላል። ለዚህ ዋጋ አያስከፋም። ስለዚህ ማሽኑ ተጠናቅቆ የሚመጣ ዕቃ ነው ብላችሁ አትግዙ። ጨርሳችሁ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቶርኖ ገዛሁ ብላችሁ ኪሳችሁን እንዳትዘጉ። ካሊፐር፣ ዲያል ጌጅ፣ ጅራቱ (ከቻኩ ፊት ለፊት ያለው ተንሸራታች ክፍል) ላይ የሚገባ የሚሽከረከር ሴንተር (የብረቱን ጫፍ የሚደግፍ ሾጣጣ)፣ የድሪል ቻክ፣ መሳያ ሞተር፣ የቢላ ብረት፣ ዘይት፤ ሁሉንም ስደምር 740 ዶላር ወጣ። ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ ግዙ የምለው ፈጣን ቢላ መያዣውን (ቢላ ቶሎ የሚቀየርበትንና ከፍታው የሚስተካከልበትን) ነው። ለዚህች ማሽን የሚሆነው 0ኤክስኤ የሚባለው ቁጥር ነው። አብሯት የሚመጣው መያዣ ቢላው ከሚሽከረከረው ብረት መሃል እኩል እንዲሆን ከሥሩ የላሜራ ቁራጭ እየደረደራችሁ እንድትለኩ ያስገድዳል። ቢላው ትንሽ ዝቅ ካለ የብረቱ ጫፍ መሃል ላይ ትንሽ ጉጥ ይቀራል። ጉጧን ካያችሁ ከፍታው አልተስተካከለም ማለት ነው።

ቢላውን በተመለከተ፣ የሚገጠም የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) ጥርስ ያለውን ሁሉም ሰው ያወድሳል። ለትልቅ ማሽን እውነት ነው። ለትንሽ ሞተር ግን በደንብ የተሳለ የሃይ ስፒድ ብረት (በእጅ የሚሳል የቢላ ብረት) ይሻላል፤ ስል ስለሆነ ብዙ ጉልበት ሳይጠይቅ ይገባል። ተማሪ እያለን አስተማሪያችን የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ቢላ ብቻ ነበር ያስሳሉን። ያኔ አማርረን ነበር። ዛሬ እጄ ያልረሳው ያንን ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ሥራዬ ለእናቴ ዘነዘና ነበር። ለጥቂት ወራት ልትጠይቀን መጥታ ቡና የሚወቀጠው በማሽን መሆኑ አልጣማትም። 38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 304 የሚባል የማይዝግ ብረት ገዛሁ፣ ርዝመቱ 300 ሚሊሜትር። እዚህ ላይ ነው 14 ኢንች የሚለው ቁጥር ያታለለኝ። ርዝመቱ የሚለካው ከሴንተር እስከ ሴንተር ነው። ቻኩና ከጅራቱ የሚወጣው ሴንተር ሲገጠሙ ጥሩ እጅ ያህሉን ይበሉታል። ብረቱን በዋናው ዘንግ ቀዳዳ አሳልፌ እንዳልይዘው ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዘነዘናውን ወደ 230 ሚሊሜትር አሳጠርኩት። ልትሠሩ ያሰባችሁት ዕቃ ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሂሳብ ሥሩ።

304 ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ቢላው ቆርጦ ካልገባና ላዩን ካሻሸው ብረቱ እዚያው ይጠነክርባችኋል። በደቂቃ 150 ዙር አካባቢ አድርጌ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ሚሊሜትር እየወሰድኩ፣ እጄን ሳላቆም ገፋሁ። በመጨረሻ ፍቅፋቂው ወርቃማ ቀለም ይዞ እንደ ጸጉር እየተጠቀለለ መውረድ ጀመረ። ድምፁም ከጩኸት ወደ ማፏጨት ወረደ። መሃሉን ለእጅ እንዲመች ቀጠን አደረግሁት፣ ጫፉን ድቡልቡል። እናቴ ሙቀጫው ላይ ሁለቴ ደቃችበትና «ትንሽ ከበድ ቢል» አለች። ከዚያ የተቆላውን ቡና ጨመረችበት።

ሚሊንጉን፣ ማለትም ፍሬዛውን (ብረቱ ታስሮ መቁረጫው የሚሽከረከርበትን ማሽን)፣ የገዛሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። ያገለገለ፣ 600 ዶላር። ሞርሳው፣ መቁረጫ የሚይዙት ኮሌቶችና መቁረጫዎቹ ሌላ 350 ዶላር አስወጡኝ። እንደ ቶርኖዋ አልወደድኩትም። ግንዱ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ራስ የተሸከመው ቋሚ) ወደ ጎን እንዲያጋድል ተብሎ የተሠራው በአንድ ትልቅ ብሎን ታስሮ ነው፤ መቁረጫው ብረቱን ሲነክስ ግንዱ ሲለጠጥ ዲያል ጌጁ ላይ ይታያል። የጠረጴዛው እጀታ አንድ ሙሉ ዙር 62.5 የኢንች ሺኛ ነው የሚሄደው። ቁጥሩ ድፍን ስላልሆነ ስንት ዙር እንደዞራችሁ እየደመራችሁ መቁረጥ ያደክማል። ዲጂታል መለኪያ እስክገጥምለት ሁለት ዕቃ አበላሽቻለሁ።

አንድ ባልትና ቤት የበርበሬ ወፍጮው ዘንግ ተበላሽቶ አመጡልኝ። ዘንጉንና ፑሊውን የምታያይዘው ባለ አራት ማዕዘን ብረት የምትገባበት ቦይ ተበልቷል። ዘንጉ 1 ኢንች ነው፣ ቦዩ ሩብ ኢንች ስፋት ይፈልጋል። በአዲስ ዘንግ ላይ መቁረጥ ጀመርኩ። ስለቸኮልኩ ጠለቅ አድርጌ አስገባሁት፤ የሚሊንጉ ራስ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ፣ ማለትም ማርሽ፣ ተበጠሰ። ጥርሱ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ወፍጮው ቆመ። ሰዎቹን በጣም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ ጥርሱን አውጥቼ በቦታው በቺንጊያ የሚሠራ ምትክ ገጠምኩ። ድምፁም ቀነሰ፣ ቢበዛበት ቺንጊያው ይንሸራተታል እንጂ የሚሰበር የለም። ዘንጉን ቀስ ብዬ ጨረስኩት፤ እስካሁን በርበሬ እየፈጨ ነው። ዛሬ ብገዛ ግን ግንዱ የማያጋድል፣ ከፍ ያለ ሚሊንግ እስክችል እጠብቅ ነበር። በቶርኖዋ ብቻ አንድ ዓመት መሥራት ይቻላል።

ቦታና የሚሸከም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሳውዝ ቤንድ የሚባለውን የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ባለ 9 ኢንች ቶርኖ ፈልጉ። ካሬጁን ከጅራቱ ጀምራችሁ እስከ ቻኩ ድረስ ግፉት። ቻኩ አጠገብ ልል፣ ጅራቱ ዘንድ ጥብቅ ከሆነ ሐዲዱ ተበልቷልና ተዉት።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የቻኩን ቁልፍ ከቻኩ ላይ ሳታወጡ እጃችሁ ማብሪያው ዘንድ እንዳይደርስ። ጓንት አይደረግም። ባለቤቴ ቡና ስታመጣልኝ ነጠላዋን በር ላይ አስቀምጣ ነው የምትገባው፤ ማሽኗ ቆማ እንኳ ቢሆን። ጨርቅ ከተጠቀለለ ትንሿ ማሽንም አትለቅም።

ከመግዛታችሁ በፊት በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ የአካባቢዬ ሰዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ክፍት ነው። እጅጌው አጭር የሆነ ልብስ ለብሳችሁ ኑ፤ መነጽር እኔ አለኝ።