ለአንድ ቤታ ዓሣ 20 ሊትር ውሃ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው አዲስ አበባ ውስጥ በመስታወት ቤት በልክ ያሠራሁትንና ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን የዓሣ ገንዳ ነው። ውስጡ ሲለካ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ወርድና 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ መስታወቱ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን የተያያዘው በሲሊኮን ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 25 ሊትር ይይዛል፤ ነገር ግን ውሃውን ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ስለምሞላና ጠጠሩና ዕፅዋቱም ቦታ ስለሚወስዱ፣ ዓሣው በተግባር የሚኖርበት ውሃ 20 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። በውስጡ አንድ ወንድ ቤታ፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ)፣ 50 ዋት ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትርና ጥቂት ዕፅዋት አሉ። ለአንድ ቤታ ይህ መጠን ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይበቃል የሚል ነው፤ ከዚህ እጅግ ያነሰውን ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ለማንም አልመክርም።

ቤታ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሁለት ወይም ሦስት ሊትር በሚይዝ ክብ ብርጭቆ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ስለሆነ፣ ገዢው ያንኑ ዕቃ የዓሣው ቋሚ ቤት አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ሻጮች ለዚህ የሚያቀርቡት ምክንያት በከፊል እውነት ነው። ቤታ ከስንጥቡ በተጨማሪ ላቢሪንት የሚባል የመተንፈሻ አካል ስላለው፣ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ እያለ ኦክስጅንን በቀጥታ ከአየር ይወስዳል፤ ስለዚህም ሌሎች ዓሦች ታፍነው በሚሞቱበት ውሃ ውስጥ እሱ ሊቆይ ይችላል። ይህ ችሎታው ግን የተበከለ ወይም የቀዘቀዘ ውሃ ከሚያደርስበት ጉዳት አያድነውም። የትውልድ አገሩ ታይላንድ ናት፤ እዚያም በፈረንጆች 2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ሆኖ ተሰይሟል። በተፈጥሮ የሚገኘው በሩዝ ማሳዎች፣ በረግረጎችና ቀስ ብለው በሚፈስሱ ቦዮች ውስጥ ነው። እነዚህ ውሃዎች ጥልቀታቸው አነስተኛ ቢሆንም ሰፊ፣ ሙቅና በዕፅዋት የተሞሉ ናቸው፤ ወንዱም በዚያ ስፋት ውስጥ የራሱን ክልል ይዞ ይጠብቃል። በድርቅ ወራት በትንሽ ኩሬ ተወስኖ መክረሙ ዓመቱን ሙሉ እንዲያ መኖር ይስማማዋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰው የገንዳን መጠን የሚመርጠው የዓሣውን ቁመት አይቶ ነው። ቤታ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚደርስ በመሆኑ በዚህ መለኪያ ትንሽ ብርጭቆም የሚበቃው ይመስላል። እኔ ግን በእነዚህ ወራት ካየሁት ተነሥቼ መጠኑን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው እላለሁ፤ ውሃው ቆሻሻን የመሸከም አቅሙና ሙቀትን ይዞ የመቆየት አቅሙ።

የመጀመሪያውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ዓሣ በስንጥቡም በዓይነ ምድሩም አሞኒያ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። አንድ ሚሊ ግራም አሞኒያ 4 ሊትር ውሃ ውስጥ ቢገባ በእያንዳንዱ ሊትር 0.25 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ያው አንድ ሚሊ ግራም 20 ሊትር ውስጥ ቢገባ ግን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ዓሣው አንድ፣ ምግቡም አንድ ሆኖ መርዙ አምስት ጊዜ ይቀጥናል ማለት ነው። ፊልተሩ ላይ የሚባዙት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፤ አዲስ ገንዳ ግን ይህን ሥራ የሚችሉ በቂ ባክቴሪያዎች እስኪያፈራ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እኔም ገንዳውን ያለ ዓሣ ሞልቼ፣ ፊልተሩን ሌትና ቀን እያሠራሁ፣ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ጥቂት የዓሣ መኖ እየጨመርሁ ይህን ጊዜ ካሳለፍሁ በኋላ ነው ዓሣውን ያስገባሁት። ከዚያ ወዲህ የአሞኒያም ሆነ የናይትራይት መመርመሪያው ከዜሮ ፈቀቅ ሲል አላየሁም፤ ቤታዎችን አዘውትሮ የሚያጠቃው የክንፍ መበስበስም አልታየበትም። እንዲህ ያለው ዑደት በ3 ሊትር ብርጭቆም ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እዚያ ውስጥ አንዲት ያልተበላች የመኖ ፍሬ የምታመጣው ለውጥ ትልቅ ስለሆነ ባለቤቱ አንድ ቀን እንኳ መዘናጋት አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉም በላይ ክብደት ያለውም ይህ ይመስለኛል። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፤ በክረምትም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳይገባበት የሚውል ክፍል ብዙ ነው። የእኔ ሳሎን በአብዛኛው ከ17 እስከ 20 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ማሞቂያ የሌለው ቤታ ይፈዛል፣ መብላት ይቀንሳል፣ ከታች ተኝቶ ይውላል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይደክማል። ታይላንድ ወይም ሌላ ሞቃት አገር ላለ ሰው የተጻፈ ምክር ማሞቂያን እንደ አማራጭ ሊቆጥረው ይችላል፤ እዚህ ግን ያለ እሱ ቤታ ማርባት ዓሣውን ማሠቃየት ነው። ለ20 ሊትር 25 ዋት ይበቃል የሚል ምክር ብዙ ቦታ ይሰጣል፤ ክፍሉ ሞቅ ያለ ከሆነ ትክክል ነው። የክፍሉና የውሃው ልዩነት ሰባትና ስምንት ዲግሪ ሲደርስ ግን 25 ዋት ያለማቋረጥ ሠርቶም ላያደርስ ስለሚችል 50 ዋቱን መርጫለሁ፤ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የማሞቂያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ 26 ላይ አድርጌው በብርዱ ወራት ሌሊት እንኳ ውሃው ከ25 ዲግሪ በታች አልወረደም።

መብራት ሲጠፋ የውሃው ብዛት የሚሰጠው ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ ውሃው አምስት እጥፍ ሲጨምር፣ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ የሚጨምረው ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ውሃ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሦስት ሰዓት ያህል መብራት በጠፋበት ምሽት ቴርሞሜትሩ ከ26 ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱ እንደ ጠፋ ገንዳውን በአራት ጎኑ በጋቢ ጠቅልዬ ከላይም ክዳኑን ሸፍኜ ስጠብቅ፣ በተቀራራቢ ጊዜ ውስጥ ከ24 ዲግሪ በታች አልሄደም። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሲቀንስ ዓሣው ይለማመደዋል፤ የሚጎዳው ድንገተኛው መዋዠቅ ነው። ትንሽ ብርጭቆ ደግሞ በሌላውም ወገን አደጋ አለው፤ የማሞቂያው ቴርሞስታት ተበላሽቶ ሳያጠፋ ቢቀር ጥቂት ሊትር ውሃ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከልክ በላይ ይሞቃል። 20 ሊትር ቢያንስ ባለቤቱ ደርሶ ሶኬቱን የሚነቅልበት ፋታ ይሰጣል።

ሊትሩ አንድ ሆኖ ቅርጹ ቢለያይ ውጤቱም ይለያያል። ቤታ ለመተንፈስ በየጊዜው ወደ ላይ መውጣት ስላለበት፣ በተለይም ረጃጅምና ከባድ ክንፍ ያላቸው ዝርያዎች ቶሎ ስለሚደክሙ፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ገንዳ ቆሞ ከሚታይ ጠባብ ገንዳ ይሻላል። ለጌጥ ተብለው የሚሠሩት ማማ መሰል ገንዳዎች ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም ለዚህ ዓሣ አይመቹም። የእኔ ውሃ ጥልቀቱ 22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመካከለኛው ከፍታ ላይ አኑቢያስ የሚባል ሰፊ ቅጠል ያለው የውሃ ተክል አስሬበታለሁና ዓሣው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያርፋል። ፊልተሩም የስፖንጅ ዓይነት መሆኑ ጠቅሟል፤ ቤታ ኃይለኛ ፍሰት አይወድም፣ የአየር ቧንቧው ላይ ባለችው መቆጣጠሪያ ግን አረፋውን መቀነስ ይቻላል። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ዓሣው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በደንብ እንዲዋኝ፣ ፊልተሩ ካለበት ጥግ ርቆም ጸጥ ያለ ቦታ እንዲመርጥ አስችሎታል። በዚያ ጸጥ ባለው ጥግ የአረፋ ጎጆ፣ ማለትም ወንዱ ለእንቁላል ማኖሪያ በውሃው ገጽ ላይ የሚሠራውን የአረፋ ክምር፣ በተደጋጋሚ ሠርቷል። የአረፋ ጎጆ መሥራት የወንድ ቤታ ተፈጥሮ ስለሆነ ብቻውን የጤንነት ማረጋገጫ ተደርጎ አይወሰድም፤ ከጥሩ የምግብ ፍላጎትና ከተዘረጋ ክንፍ ጋር ሲታይ ግን ደስ ያሰኛል።

የውሃ አቅርቦቱም በምርጫው ውስጥ መግባት አለበት። በየሳምንቱ ሩቡን፣ ማለትም 5 ሊትር ያህል እለውጣለሁ። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል መጠን ነው፤ ከቤት ፍጆታ አይሻማም፤ የሚወጣውንም ውሃ ለአበቦች አጠጣዋለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በቀጥታ አይጨመርም። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ሲያድር ክሎሪኑ ይወጣል፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ የሚያገኝ ሰው ደግሞ እሱን መጠቀሙ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ከዚያ አዲሱን ውሃ በሞቀ ውሃ ለውሼ ከገንዳው ሙቀት ጋር አስተካክዬ ቀስ ብዬ አፈስሳለሁ። ክዳን የግድ ነው፤ ቤታ ይዘላል፣ በበጋም ደረቁ አየር ውሃውን ቶሎ ያተንነዋል።

ታዲያ ከዚህ የሚበልጥ ገንዳ አይሻልም ወይ? ለዓሣው ይሻላል፤ ዕፅዋትና መደበቂያ በብዛት እስካለው ድረስ ሰፊ ቦታ አይጎዳውም። 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ስለሚይዝ በሙቀትም በንጽሕናም የበለጠ የተረጋጋ ነው፤ ከ40 ሊትር ጀምሮም እንደ ኮሪዶራስ ያሉ ሰላማዊ ትናንሽ ዓሦችን በጎረቤትነት ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን በየሳምንቱ ከ13 ሊትር በላይ ውሃ ማዘጋጀት፣ ከዚህ የሚበልጥ ዋት ያለው ማሞቂያና ከባድ ክብደት የሚችል ማስቀመጫ ይጠይቃል። የእኔው እንኳ ከመስታወቱ፣ ከጠጠሩና ከውሃው ጋር 30 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ተራ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አላስቀመጥሁትም። ወደ ታች ስንመጣ፣ ማሞቂያና ፊልተር ገብተውበት መዋኛ ቦታ የሚተርፍበትን 15 ሊትር በትጋት የሚከታተል ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ከ10 ሊትር በታች ያለውን ግን ዓሣው ሲጓጓዝ ወይም ሲታከም ለጊዜው የሚቆይበት ዕቃ ብቻ አድርጌ አየዋለሁ። 20 ሊትሩን በመስታወት ከፍሎ ሁለት ወንዶች ማኖርም አይገባም፤ እርስ በርስ እየተያዩ ቀኑን ሙሉ በቁጣ ይውላሉ፤ ለእያንዳንዱም የሚደርሰው 10 ሊትር ብቻ ነው።

በዚህ ገንዳ ቅር ያሰኘኝ በአሠራሩ ላይ ያለ ነገር ነው። መስታወት ቤቱ ክዳኑን አንድ ወጥ አድርጎ ስለ ቆረጠው የማሞቂያው ገመድና የአየር ቧንቧው ከሥሩ ገብተው ክዳኑ በአንድ በኩል ተነሥቶ ይቀመጣል፤ በዚያ ክፍተት ሙቀትና እንፋሎት ይወጣል። የውስጥ ሲሊኮኑም በአንድ ማዕዘን ወፍራም ሆኖ ስለ ቀረ አረንጓዴ አልጌ ይይዛል፣ ሲፈገፈግም በቀላሉ አይለቅም። የሚያሠራ ሰው ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ሲሊኮን እንዲጠቀሙለት አስቀድሞ ይንገር፤ መከላከያው ዓሣን ሊመርዝ ይችላልና። ሲሊኮኑ በደንብ ደርቆ የኮምጣጤ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋም ውሃ አይሙላበት። እኔ እንደገና ባሠራ ርዝመቱን 45 ሴንቲ ሜትር አደርገውና ቁመቱን እዚያው 25 ላይ እተወዋለሁ፤ ክዳኑንም ለሁለት አስከፍዬ በኋለኛው ክፍል አንዱን ማዕዘን ለገመድና ለቧንቧ አስቆርጣለሁ፤ የፊተኛው ክፍል መኖ ለመስጠት ብቻ ይነሣል።