ቢ650 ወይስ ኤክስ670? ማዘርቦርድ ላይ ገንዘባችሁን የት ማውጣት እንዳለባችሁ

ኮምፒውተሩን ራሱ ለሚገጣጥም ሰው ከሁሉም ዕቃ ግራ የሚያጋባው ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ ነው። ያንኑ ፕሮሰሰር ርካሹም ውዱም ቦርድ ላይ ብትሰኩት፣ ጌም ላይ የምታዩት ልዩነት ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። ታዲያ የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ?

ከፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ እንጀምር። ኤኤም5 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) በ2022 ሲወጣ ኤክስ670 እና ቢ650 የሚባሉት ቺፕሴቶች (የቦርዱን መሰኪያዎች የሚያስተዳድሩት ቺፖች) አብረውት መጡ፣ ኤ620 በማግስቱ ዓመት ተከተለ። ኤ620 ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) አይፈቅድም፣ ቢ650 ይፈቅዳል። ኤክስ670 ደግሞ ቢ650 ላይ ያለውን ቺፕ ሁለት አድርጎ የያዘ ነው። በቃ ይኸው ነው! የሚጨምርላችሁ መሰኪያ እንጂ ፍጥነት አይደለም። አራት አምስት ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ) የማትደረድሩ ከሆነ ትርፉን ገንዘብ ግራፊክስ ካርድ ላይ ጨምሩት።

ኢንቴል ጋ፣ ኤልጂኤ 1700 በሚባለው ሶኬቱ ላይ፣ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ቢ760 የራሙን ፍጥነት ከፍ ያስደርጋል፣ ፕሮሰሰሩን ግን አያስነካም። ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ለማድረግ እንደ ዜድ790 ያለ የዜድ ቦርድ የግድ ነው። ቢ760 ስትገዙ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በደንብ አንብቡ፤ አንዳንዱ የሚቀበለው ራም ዲዲአር4፣ አንዳንዱ ዲዲአር5 ስለሆነና የራሙ ጥርስ ቦታው ስለሚለያይ፣ ከተሳሳታችሁ ጨርሶ አይገባም።

እኔ ከቺፕሴቱ ስም በላይ የማየው ቪአርኤሙን ነው። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው እሱ ነው፣ ሲሠራም ይሞቃል። የቦርዱን ፎቶ ሰፋ አድርጋችሁ የፕሮሰሰሩን ሶኬት ዙሪያ እዩ። በግራና በላይ በኩል ወፈር ያለ የብረት ማቀዝቀዣ ካለ ጥሩ ነው። ራቁቱን ከሆነ ግን 6 ወይም 8 ኮር ላለው 65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃ ይሆናል እንጂ 16 ኮር ያለው የኤኤምዲ ራይዘን 9 ሰክታችሁ ቪዲዮ ኤዲት ልታደርጉበት አታስቡ፤ ሙቀቱ ሲበዛ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው የማልደራደርበት ነገር ከኋላ፣ ዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለችው ትንሽ የባዮስ ቁልፍ ናት፤ ባዮስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር ነው። አዲሱን የባዮስ ፋይል ፍላሽ ላይ ጭናችሁ፣ ፓወሩን ሰክታችሁ ቁልፏን ተጫን ስታደርጉ፣ ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር ባዮሱ ይታደሳል። ራይዘን 9000 በ2024 ከመጣ በኋላ ይቺ ቁልፍ ዋጋዋ ታይቷል፣ ምክንያቱም መጋዘን የቆየ ቢ650 ባዮሱ ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ቁልፏ የሌላት ቦርድ ላይ ሌላ ፕሮሰሰር ተበድሮ ማስነሳት ነው።

የራም ማስገቢያው አራት መሆኑም ብዙ አያጓጓችሁ። ራይዘን 7000 ሁለት ራም ሲሰካበት በይፋ እስከ 5200 የሚደርስ የራም ፍጥነት ሲደግፍ፣ አራት ሲሆን ወደ 3600 ይወርዳል። 32 ጊጋ ከፈለጋችሁ ባለ 16 ሁለት ግዙ።

ዛሬ ለራሴ ብገጥም ማይክሮ ኤቲኤክስ (መጠኑ አነስ ያለ) ቢ650 ነው የምወስደው፣ ቪአርኤሙ ማቀዝቀዣ ያለው፣ የባዮስ ቁልፍ ያለው፣ ሁለት ኤም.2 (ቀጭን ኤስኤስዲ የሚሰካበት ማስገቢያ) ያለው። ከመክፈላችሁ በፊት ማኑዋሉን ከኢንተርኔት አውርዱና የኤም.2 ገጹን እዩ። አንዳንድ ቦርድ ላይ ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ የተወሰኑ የሳታ መሰኪያዎች (ሃርድ ዲስክ የሚሰካባቸው) ይጠፋሉ፣ ይህንን ደግሞ ሳጥኑ ላይ አይጽፉትም።