የተሰበረውን ሴንሰር ቴስታታ ሳያወርድ ላወጣልኝ መካኒክ

ሰላም ወገኖች። አንድ ልጅ ማመስገን አለብኝ። ደግሞም እንደኔ የቸገረው ሰው ቶሎ ብሎ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ» ለሚለው እሺ እንዳይል ነው የምጽፈው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቪትዝ የሚነዳ ያውቀዋል፣ የሙቀት መርፌ የላትም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቀይ፣ በቃ። ሙቀቱን የሚለካው ቴስታታው ላይ በጥርስ የሚታሰር፣ ትንሽ የነሐስ ሴንሰር ነው። ከወር በፊት የሞተር ምልክቱ በራ። ፋኑ ጠዋት ገና ሳትሞቅ ይጮኻል፣ ቤንዚንም እንደ ጉድ ትጠጣለች። በኮምፒውተር ስትታይ ፒ0118 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣች። የሴንሰሩ መስመር ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት ማወቅ ስለማይችል ለጥንቃቄ ፋኑን ያስነሳል፣ የቤንዚን ልኩም ይዛባል።

ሴንሰር መቀየር ቀላል ሥራ ነው ተባልኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ግን ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥለው በጉልበት ሲያዞሩት የሴንሰሩ አናት ተቀነጠሰ። ጥርስ ያለው ክፍል ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሂድ፣ ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያው) ይገዛ፣ ከነጉልበቱ 28 ሺህ ብር አሉኝ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልሰው በዚህችው መኪና ነው። ያን ቀን እንባዬ ነው የመጣው።

ጎረቤቴ የታክሲ ሹፌር ነው። «ጎፋ አካባቢ አንድ ልጅ አለ፣ ሳታሳዪው እንዳታስወርጂ» አለኝ። በጎታች መኪና ወሰድኳት።

ልጁ በባትሪ አብርቶ አየው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ «እህቴ፣ ዛሬ አልነካውም» አለኝ። ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ረጨበትና ነገ 3 ሰዓት ነይ ብሎ ሸኘኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ፤ ለካ ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው። ዘይቱ ጥርሱ መሃል እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል።

በማግስቱ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ዋጋውን ነገረኝ፦ 3 ሺህ ብር፣ ካልወጣ ምንም አትከፍይም። ውሃውን አፈሰሰ። ሴንሰሩ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የቀረውን ፕላስቲክ በመርፌ እየነቀሰ አወጣው፤ ስስ የነሐስ ቀለበት ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኤክስትራክተር (የተሰበረ ቡሎን ማውጫ ብረት) በመዶሻ ይከትበታል። እሱ ግን እምቢ አለ። «ነሐሱ ስስ ነው፣ ብመታው ወደ ውጭ ይነፋና የባሰ ይጣበቃል፤ ኤክስትራክተሩ ከተሰበረ ደግሞ ብረቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ትራፓኖም አይበሳውም» አለኝ። ስለዚህ ወደ ግራ በሚዞር የትራፓኖ መርፌ፣ ከቀጭኑ ጀምሮ ቀስ እያለ አሰፋው። መርፌውን በየጊዜው ግራሶ ይቀባዋል፣ ፍቅፋቂው እሱ ላይ እንዲጣበቅና ውሃ መተላለፊያው ውስጥ እንዳይገባ። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ትንሽ ከሳተ ጥርሱን ይበላዋል፤ ለዚህ ነው በየደቂቃው የሚያቆመው፣ የሚያበራው፣ የሚያየው። ቀለበቱ ወረቀት ሲያክል ጠርዙን በቀጭን መሮ ወደ ውስጥ አጠፈና በመቆንጠጫ አዞረው። ወጣ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈጀበት። እልል ልል ነበር።

በዚህም አልበቃውም። ጥርሱን አጸዳው፣ ውስጡን በውሃ አጠበው፣ ከሶማሌ ተራ ያመጣሁትን አዲስ ሴንሰር ከነሮንዴላው መጀመሪያ በእጁ ብቻ አስገባው። «በእጅ ካልሄደ በቁልፍ አይገደድም» ይላል። መጨረሻ ላይ ኃይል በሚለካ ቁልፍ በ20 ኒውተን ሜትር አሰረው። ከዚያ ራዲያተሩ ውስጥ ምን እንደምጨምር ጠየቀኝ። የቧንቧ ውሃ አልኩት። ሴንሰሩን ያጣበቀው እሱ ነው፣ ባዶ ውሃ ዝገትና ነጭ ድንጋይ ይሠራል አለኝና በኩላንት ሞላው። ክዳኑንም ፈተሸው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ ሞተሩ ቶሎ ያፈላል።

አሁን ሦስት ሳምንቷ ነው። ፋኑ ዝም ብሏል፣ ምልክቱ ጠፍቷል፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ተጨማሪ 500 ብር ልሰጠው ብል «የተነጋገርነው ሦስት ሺህ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ከልቤ ነው።

ስልኩን እዚህ በአደባባይ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የተሰበረ ሻማ፣ የዘይት ሴንሰር፣ የተቆረጠ ቡሎን ሁሉ ያወጣል። ብቻውን ስለሚሠራ ሳትደውሉ አትሂዱ። እና እባካችሁ፣ ከተሰበረ በኋላ ሌላ ሰው እንዲሞክረው አትፍቀዱ፤ እሱ ራሱ ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ሌላ ሰው በስቶ ያበላሸው ነው ብሎኛል። እሁድ አይሠራም።