ስዊፍት ስፖርት ከሁለት ሕፃናት ጋር፦ ከባሕር ዳር የባለቤት ግምገማ

ይህን የምጽፈው ልጅ ወልደው “ትንሿን መኪና እንሽጣት ወይስ እናቆያት?” እያሉ ለሚያወጡ ለሚያወርዱ ወላጆች ነው። እኛም ቤት ውስጥ ወራት ሙሉ የተከራከርንበት ጉዳይ ነው።

መኪናችን እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የገባች ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ናት። 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 125 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 5 የእጅ ማርሽ። ወረቀቷ ላይ ባለ ሦስት በር ትባላለች። ሦስተኛው ግን የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ነው። ሰው የሚገባው በሁለት በር ብቻ ነው። የገዛናት ልጅ ሳንወልድ ነው። አሁን ትልቋ ልጃችን ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ትንሹ ገና ዓመት አልሞላውም።

መጀመሪያ የምወድላትን ልናገር። ሞተሯ ነፍስ የሚዘራው በደቂቃ ከ4000 ዙር በላይ ነው። ሙሉ ጉልበቷን የምታወጣው ደግሞ 6800 ዙር ላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ 125 የተባለው እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ 100 ይወርዳል። መኪናዋ ግን ክብደቷ ከ1 ቶን ብዙም ስለማይበልጥ አይታወቅባትም። ወደ ጎንደር ስንሄድ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣው ደስ ትላለች። መሪዋ ልክ የፈለጉት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል።

ፍሬኗን ለብቻው ላንሳው። አራቱም ጎማዎቿ ባለ ዲስክ ፍሬን ናቸው። “ስፖርት” ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የጎረምሳ ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ላይ የነዳ ሰው ግን ሌላም ነገር ይታየዋል። ከፊት ያለ ባጃጅ ዳር ላይ እጁን ያነሳ ተሳፋሪ ካየ፣ ምልክት ሳያሳይ እዚያው ቀጥ ይላል። ብስክሌት ከጎን ይገባል። ይህቺ መኪና እንዲህ ሲያጋጥም ሳትወላውል ትቆማለች፣ በቶሎም ትታጠፋለች። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ይህን የመሰለ መተማመኛ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ልሽጣት ባልኩ ቁጥር እጄን የሚይዘኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ በሮቹ።

የአራስ ልጅ መቀመጫ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ነው የሚታሰረው። አዲሱ የአውሮፓ ደንብ ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው እንዲህ እንዲቀመጥ ያዛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱም አልጠናም። ግጭት ሲፈጠር ጀርባው ሁሉ በመቀመጫው ላይ ተደግፎ ጉልበቱን ይካፈላል። ይህን መቀመጫ ከፊት፣ የአየር ከረጢት ካለው ዳሽቦርድ ፊት ለፊት ማሰር ደግሞ ለሕይወት አደገኛ ነው። ስለዚህ ቦታው ከኋላ ነው። ስዊፍቷ ከኋላ በግራና በቀኝ የአይሶፊክስ ማያያዣ፣ ማለትም የልጅ መቀመጫ የሚያዝባቸው ሁለት ሁለት ብረቶች፣ አላት፤ መቀመጫው ጠቅ ብሎ ይያዛል፣ ንቅንቅ አይልም። እስከዚህ ድረስ እንከን አላገኘሁባትም።

ችግሩ ልጁን እዚያ ማድረስ ነው። መጀመሪያ የፊቱን ወንበር አጥፈህ ወደፊት ትገፋለህ። ቀጥሎ አንድ እግርህን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርገህ ጎንበስ ትላለህ። በግራ እጅህ የልጁን ማጅራት ደግፈህ፣ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ እየተጠነቀቅክ አዙረህ ታስቀምጠዋለህ። ከዚያ ቀበቶውን ትፈልጋለህ፤ ሁልጊዜም ከልጁ ሥር ገብቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ወገብህ ከበሩ ውጭ ነው። ሐምሌ ላይ የባሕር ዳር ዝናብ ጀርባህ ላይ ይወርዳል። ትልቋ ከኋላህ ቆማ እየረጠበች ተራዋን ትጠብቃለች።

በሩ ራሱ ረጅም ነው። ሁለት በር ያላት መኪና በሯ ከባለ አራቱ ይረዝማል፤ ሲከፈትም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ገበያ አካባቢ አጠገብህ ባጃጅ ከቆመ በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል፣ በዚያ ክፍተት ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም። ስለዚህ መኪናዋን እንደገና አስነስተህ መንገዱ መሃል ታወጣለህ፤ ከኋላህ ጥሩምባው ይቀጥላል።

የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ናቸው፤ ልጆቹን የሚያሳድጉልን እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ለትንሹ የ45 ቀን ክትባት ይዣቸው ስሄድ ትልቋ ኬጂ ነበረች፣ የእሷን መቀመጫ አንስተን ከኋላ ባዶ ቦታ ነበረን። እማማ ከልጁ ጎን መቀመጥ ፈለጉ። ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን አስገቡና ቆሙ። “ልጄ፣ ጉልበቴ እሺ አይለኝም፤ ከፊት ልቀመጥ” አሉኝ። ከፊት ተቀመጡ። ልጁ መርፌውን ተወግቶ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀሰ። እሳቸው ዘወር ብለው ቢሞክሩም እጃቸው አይደርስም፤ ፊቱ ወደ ኋላ ስለዞረም አያዩትም። “አቅፌው ብሄድ ምን ነበረበት?” አሉ።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። እቅፍ ውስጥ ያለ ልጅ የተጠበቀ ይመስላል፤ ግን አይደለም። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከሌላ ነገር ጋር ተጋጭቶ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ሆኖ ወደፊት ይወረወራል። የማንም ክንድ አይይዘውም። እማማም ይህን ሳስረዳቸው ተቀብለውታል። መኪና ስንመርጥም መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ይህ ነው፤ መቀመጫውን በየቀኑ፣ በዝናብም በችኮላም፣ ሳንሰላች እንድንጠቀምበት የምትፈቅድ መኪና ናት ወይ? የሚያሰለች ከሆነ አንድ ቀን “ቅርብ ነው፣ እቅፍ አድርጊው” ማለት ይመጣል። አደጋው ደግሞ ሩቅና ቅርብ አይልም።

ስለ ዕቃ መጫኛዋ ብዙ ወቀሳ ሰምቻለሁ። እርግጥ ጠባብ ናት፣ ከ200 ሊትር ብዙም አትዘልም። ውጭ አገር ሰዎች በዚህ የሚያማርሩት ግን በአብዛኛው የልጅ ጋሪ አልገባ ብሏቸው ነው። እኛ ጋሪ የለንም። ልጁ አንቀልባ ላይ ነው፤ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ከአንቀልባ የተሻለ ነገር የለም። ስለዚህ ለከተማ ውሎ የዳይፐር ቦርሳ፣ የምሳ ዕቃና አስቤዛ በደንብ ይበቃታል። የሚጨንቀው ከዘመድ ቤት ስንመለስ ነው። ደብረ ታቦር ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ወረታ ላይ ደግሞ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ይጠብቃል። የልጅ መቀመጫዎቹ ከኋላ ስላሉ ወንበሩን ማጠፍ አይቻልም፤ ጤፍ ከጫንን ደግሞ ከግማሽ ኩንታል አይበልጥም። አሁን እህሉን በጭነት እናስልካለን፣ ነገሩ አለቀ።

ሞላዋ ደረቅ ነው። አስፋልት ላይ ጥሩ፣ ሰፈር ውስጥ ከባድ። ጎማዋ ጎኑ አጭር ስለሆነ የኮብልስቶኑ እያንዳንዱ ድንጋይ ወንበር ድረስ ይሰማል። ትንሹ አስፋልት ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ይነቃል። ዝቅ ያለች በመሆኗ አንዳንድ የፍጥነት መግቻ ላይ ሰው ሲሞላባት ሆዷን ይነካታል። በክረምት ውኃ የሞላውን ጉድጓድ ጥልቀቱን ሳላውቅ አልገባበትም።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ የሞተሩ ዝርያ ሌሎቹ የሱዙኪ መኪኖች፣ ኤስኤክስ4 እና ባለ 1.6ቱ ግራንድ ቪታራ ላይም ያለ ነው። ስለዚህ ካንዴላና ፊልትሮ የመሰለው ነገር አያስቸግርም። ሞተሩ በቀበቶ ሳይሆን በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑም ቀበቶ የመቀየር ወጪ የለም፤ ዘይቱን በወቅቱ መቀየር ነው። የስፖርቷ ብቻ የሆኑትን፣ ማለትም ሞላዋን፣ ወንበሮቿን፣ እነዚያን ረጃጅም በሮች ግን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራም ቢኬድ ማግኘት ዕድል ነው።

እንግዲህ ምን እንግዛ? ዘመድ ሁሉ የሚመክረን “ከፍ ያለ፣ ትልቅ መኪና” ነው። እኔ አልስማማም። ችግራችን ቁመትም ርዝመትም አይደለም። ይህን በደንብ የተረዳሁት ወንድሜ ጋር መኪና ተለዋውጠን ለተወሰኑ ሳምንታት የእሱን ቪትዝ በነዳሁ ጊዜ ነው። የእሱ በእርግጥ ያሪስ ናት፣ እኛ አገር ሁሉም ቪትዝ ነው የምትባለው። በመጠን ከእኛዋ እኩል ናት። አራት የጎን በሮች ግን አሏት። ልጁን ቆሜ አስቀመጥኩት። እማማ በራሳቸው በር ገብተው ከጎኑ ተቀመጡ፣ ጣታቸውን አስይዘውት ሄዱ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን ማታ “በቃ፣ የምንፈልገው በር ነው” አለች። ልክ ናት።

ቪትዟ ግን የ1.0 ሊትሯ ናት፤ 69 የፈረስ ጉልበት። በእኛ ከፍታ ከዚያም ይቀነሳል። አራት ሰው ጭና፣ ማቀዝቀዣ ተከፍቶ ዳገት ላይ ከባድ መኪና መቅደም አይታሰብም። ለከተማ ትበቃለች፣ ለጎንደር መንገድ ግን አልመርጣትም።

ኤሌክትሪኩንም በቁም ነገር አይተነዋል። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ባሕር ዳርም ትመቻለች፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ርቀቷም አጭር ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ከተራ የቤት ሶኬት 2 ኪሎዋት ቢገኝ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላልበለጠ ጊዜ ሰክቶ መተኛት ነው። ሕፃን ይዞ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ለዋለ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እኛ ግን ተከራይ ነን። ግቢው አንድ ቆጣሪ ነው ያለው፣ ከአከራያችንና ከሌሎች ሁለት ተከራዮች ጋር እንጋራዋለን። መኪና የሚያህል ነገር በጋራ ቆጣሪ ላይ ሰክቶ ከጎረቤት ጋር ሰላም ማደር አይቻልም። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው ሰው ግን ከኤሌክትሪክ ይጀምር እላለሁ።

የእኛ ምርጫ የስዊፍቷ እኅት ናት፤ የዚያው ትውልድ ተራዋ ስዊፍት፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተሯ፣ 102 የፈረስ ጉልበት፣ አራት የጎን በሮች። ዳሽቦርዱ ያው ነው፣ መሪውም ቀልጣፋ ነው፣ ሞላዋ ግን ለስለስ ይላል። ፍጥነቷ እንደ ስፖርቷ አይደለም፤ ከልጆቹ ጋር ስሆን ግን ከ4000 ዙር በላይ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። እርግጥ እሷም የማትፈታው ነገር አለ። ሁለት የልጅ መቀመጫ ከታሰረ መሃል ላይ አዋቂ አይቀመጥም፣ አምስታችንም አብረን አንሄድም። ያ የሚያጋጥመን በዓልና ድግስ ሲሆን ነው፤ ያን ቀን ኮንትራት እንይዛለን። ለጥቂት ቀን ብሎ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ መኪና መቀለብ አያስፈልግም።

በዋጋ በኩል፣ አዲስ የነዳጅ መኪና ስለማይገባ ያለው ዋጋውን ይዟል። የእኛዋ በደህና ዋጋ ትሸጣለች፣ የምንገዛትም በዚያው ልክ ተወድዳለች። ልዩነቱ ብዙ ስላልሆነ ከመስከረም በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ እንለውጣለን። ለደላላው የነገርነው ባለ አራት የጎን በር፣ አይሶፊክሷ ያልተነቀለ፣ ያልተጋጨች እንድትሆን ነው። የኋላ ወንበሩን ሥር በእጃችሁ ዳስሳችሁ ሁለቱን ብረቶች ሳታገኙ ቀብድ አትስጡ።

ስፖርቷን የሚገዛን ሰው ደግሞ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ላጤ ከሆነ ወይም ልጆቹ ራሳቸው ወደ ኋላ ዘለው የሚገቡ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መኪና በዚህ መጠን አያገኝም። አራስ ቤት ውስጥ ካለው ግን መጀመሪያ የልጁን መቀመጫ ይዞ ይምጣ፣ ግቢያችን ውስጥ አስሮ ፈትቶ ይሞክረው።